ባዶው ከረጢት

«ቆይ ዜማ! እንዳታገናኚው!» አለ ዶክተር ብሩክ።

ሲስተር ዜማ የኩላሊት እጥበት ማሽኑን ቱቦ እንደያዘች ቀጥ አለች። አልጋው ላይ ያለችው ሪሃብ ናት፣ የወረታ ጨርቅ ነጋዴዋ የእማማ ነፊሳ ልጅ። ስትወልድ ብዙ ደም ፈስሷት ኩላሊቷ ቆመ፤ ከዚያ ወዲህ በማሽን ነው ያለችው። ሕፃኑ ዓባይ ማዶ አክስቱ ጋ ነው። ትናንትማ ማሽኑ ላይ እያለች የደም ግፊቷ ወርዶ ወርዶ፣ ብሩክ ደረቷን እየተጫነ ልቧን ሊቀሰቅስ ምንም አልቀረውም ነበር!

አሁን ደግሞ እማማ ነፊሳ የሆነ ነገር ሻርፓቸው ሥር ደብቀው ከሽንት ቤት ሲወጡ አያቸው፤ ዜማን ያስቆማት ለዚህ ነው።

«እማማ፣ ምንድን ነው እሱ?»

«ምንም አይደል ልጄ።»

«እማማ!»

ጆግ አወጡ። «ሽንቷን ደፍቼ ነው። ወንዱም ተማሪውም ተሰብስባችሁ ስትመጡ የልጄ ሽንት አልጋ ሥር ተንጠልጥሎ ይታይ እንዴ? ነውር አይደለም? እናንተ ሳትመጡ ቀድሜ ደፋሁት።»

«ኧረ እማማ፣ ገደሉኝ!» አለች ዜማ። «እኔ እኮ የሽንት ከረጢቱን ባዶ እያገኘሁ ጠብ አላለም ብዬ ነው የማስረክበው!»

ብሩክ ልቡ ደለቀ። ሽንት መጣ ማለት እኮ ኩላሊቷ እየነቃ ነው! ከማሽን ልትላቀቅ ትችላለች። የሚነቃ ኩላሊት ደግሞ እንደ ትናንቱ ማሽኑ ላይ ግፊት ከወረደበት ተመልሶ ይተኛል።

«ምን ያህል ነበር?»

«የዚች ጆግ ግማሽ። ትናንትም እንዲሁ። ወላሂ!»

ግን ቆይ። ጠዋት በር ላይ እግሩ ሥር ወድቀው፣ «ማሽን የገባ አይወጣም ይላሉ፣ ተዋት ልጄን» ብለው የለመኑት እኒሁ እናት አይደሉም? አሁን ቱቦው ሊገናኝ ሲል ሽንት ተገኘ? ጆጉን ተቀብሎ አሸተተው። ሳሙና፣ ሳሙና ይላል። ታጥቧል።

«እማማ፣ ማሽኑን ፈርተው ከሆነ አልቆጣም። እውነቱን ይንገሩኝ።»

«ፈርቻለሁ» አሉ ዐይኑን እያዩ። «አልዋሸሁም።»

ዜማ ጠጋ ብላ አንሾካሾከች። «ደሟ ውስጥ ያለው ፖታሲየም እየጨመረ ነው ዶክተር። ሽንት ከሌላት ልቧን ነው የሚያቆመው፣ የሰጠናት መድኃኒት ለጊዜው ነው የሚይዘው። ማሽኑን ደግሞ አሁን ከለቀቅነው ተራ ለሚጠብቀው ለሌላው በሽተኛ ነው የሚሄደው፣ እስከ ማታ አናገኘውም።»

ብሩክ በርከክ ብሎ ከረጢቱን አየ። ቱቦው ጫፍ ላይ አንዲት ቢጫ ጠብታ ተንጠልጥላለች። አዲስ ትሁን ከትናንት የተረፈች፣ ማን ያውቃል? ጠበቃት። አልወረደችም። ከመስኮቱ ውጭ ጣና ላይ አንድ ጀልባ ወደ ደቅ ደሴት የሚሄዱ ሰዎችን ይጭናል፤ ሪሃብ ዐይኗን ገልጣ እናቷን ታያለች።

«ዶክተር፣ ላገናኝ ወይስ ልተው?» አለች ዜማ።

እስቲ እናንተ በብሩክ ቦታ ብትሆኑ፣ ቱቦውን ታገናኙ ነበር ወይስ እናትየዋን አምናችሁ ማሽኑን ትለቁት ነበር?