ጉንፋን የያዘው ባንጆ

አባባ ባንጆውን በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ሲያስታቅፈኝ አንድ ነገር ብቻ አደራ አለኝ።

«ጀርባውን እንዳያስከፍቱሽ። ሆዱ የተከፈተ ባንጆ ድምፁን ይጥላል።»

«የቱን ድምፅ?» ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ምላሴ ሹል ነው ይሉኛል፤ ያን ቀን ግን ነከስኩት።

አባባ ዕድሜውን ሙሉ ሰዓት ሠሪ ነበር። አሁን ሁለቱንም ዓይኖቹን ሞራ ጋርዷቸው የግድግዳውን ሰዓት እንኳ በደወሉ ነው የሚያውቀው። ሐኪሙ የቀዶ ጥገናውን ቀን ቆርጦለታል፤ የጎደለው ገንዘቡ ነው። ቤታችን ውስጥ ደግሞ የሚሸጥ ነገር ቢኖር ይሄው ባንጆ ነው። አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ለሳሎኑ ጌጥ እንዲሆነው «ልውሰድላችሁ» ብሎ ነበር፤ የጠራው ዋጋ ግን እንኳን ለዓይን ለመነጽርም አይበቃም።

አጎቴ ባንጆውን ሲጠራው «ጉንፋን» ነው። ቤታችን በመጣ ቁጥር «ዛሬም አለቀቀውም?» ይላል። እውነቱን ለመናገር ድምፁ አፍንጫው የተደፈነ ሰው ይመስላል፤ ድፍን፣ ለስለስ ያለ፣ ከሌላ ክፍል የሚመጣ ዓይነት። በልጅነቴ ያንን ድምፅ እየሰማሁ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ። ሰው ሲስቅበት ግን እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ይሄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የሙዚቃ መሣሪያ የሚጠግኑና የሚገዙ አንድ ሰው አሉ፤ የሚያውቋቸው ሁሉ «ጆሮ» ነው የሚሏቸው። ከአንድ ጫማ መሸጫ በላይ ወዳለው ክፍላቸው ጠባቡን ደረጃ ወጥቼ ገባሁ። የከሰዓት ፀሐይ አቧራ በጠገበ መስኮት ገብታ ክፍሉን የማር መልክ አስይዛዋለች። ከጣሪያው ላይ ክር ያለው መሣሪያ በሙሉ ተንጠልጥሏል።

«እንደምን ዋሉ ጋሼ» አልኩ።

የተንጠለጠሉት ሁሉ ቀስ ብለው «እምምም» አሉ። ክው ብዬ ቀረሁ።

«አትደንግጪ ልጄ፣ ሰላምታሽን እየመለሱ ነው» አሉኝ። «ክር የሰው ድምፅ ሲነካው ዝም አይልም። ቁጭ በይ።»

ቁጭ አልኩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስበው በእንቅልፍና በንቃት መካከል ያየሁት ይመስለኛል። ሰውየው አይቸኩሉም። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው የባንጆው አንገት መጣመም አለመጣመሙን አዩ። ቆዳውን በጣታቸው ጫፍ ዳሰሱት። እንጨቱን አሸተቱት። ክሮቹን አንድ በአንድ ቃኙና ጠረጴዛው ላይ አቆሙት።

«በይ አናግሪው።»

«ምን ልበለው?»

«የመጣልሽን።»

«እስቲ ዛሬ እንኳን አታሳፍረን!» አልኩት ከልቤ።

ጣሪያው በሙሉ «እምምም» አለ። የእኛው ጉድ ጭጭ።

ጆሮ ከንፈራቸውን መጠጡ። ቁራጭ ወረቀት ላይ ዋጋ ጽፈው ወደ እኔ ገፉት። ከአጎቴም ያነሰ ነበር። አባባ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ሲጠብቀኝ ታየኝ። ምን ብዬ ነው የምነግረው?

«ይሄ ዋጋ እንደተዘጋ ነው» አሉ። «ሳልከፍተው ግን ሙሉ ቃሌን አልሰጥም። ዕድሜው የተጻፈው ውስጡ ነው፤ ሕመሙም እዚያው ነው።»

«አባቴ እንዳይከፈት ብሏል።»

«እንግዲያው ውሰጂው። እኔ አልቀየምም።»

ብርድ ልብሱን አነሳሁ። መልሼ አስቀመጥኩት። ጋሼ ጆሮ አጉሊ መነጽራቸውን አድርገው የጀርባውን ክዳን እያዩ ነበር።

«ጉድ ነው» አሉ። «ይሄን መጀመሪያ የከፈተው ሰው በወጥ ቤት ቢላ ነው የከፈተው፤ ሁሉንም ብሎን ቧጭሮታል። ከዚያ ደግሞ አንድ ጨዋ እጅ አጥብቆ ዘግቶታል። እስቲ እይው።»

አየሁ። አራት ብሎኖች ናቸው። ጭረታቸው ብዙ ነው፤ የአራቱም ስንጥቅ ግን እኩል ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ያሳያል። ይሄን አውቀዋለሁ። አባባ ሰዓት ጠግኖ ሲዘጋ የብሎኑ ስንጥቅ ወደ አሥራ ሁለት ቁጥር ካላሳየ ለባለቤቱ አይመልስም።

ለካ አባባ ራሱ ከፍቶታል። «ይክፈቱት» አልኩ።

ክዳኑ ሲነሳ ከቆዳው ሥር ተጠቅጥቆ የኖረ ቢጫ ነገር ወደቀ። የሕፃን ኮፍያ ነው፤ በእጅ የተሠራ ሹራብ፣ አንዱ የጆሮ መሸፈኛ ከሌላው የረዘመ። ቤታችን በተሰቀለው ፎቶ ላይ ይቺን ኮፍያ አድርጌ አለቅሳለሁ። የት ሄደች ስላት እማዬ ሁልጊዜ «ንፋስ ወሰዳት» ነበር የምትለኝ። እማዬ ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው።

ጋሼ ጆሮ ክዳኑን መለሱ። «አሁን አናግሪው» አሉ። አፍንጫዬን ብቻ ሳብኩ። ባንጆው ከሁሉም ቀድሞ መለሰ፣ ጥርት ባለ ድምፅ። ሰውየው ወረቀቱን ስበው የመጀመሪያውን ዋጋ ሰረዙና ሌላ ጻፉ።

አባባን ሳልጠይቅ አልሸጥም ብዬ ባንጆውን ይዤ ተመለስኩ። ቤት ስደርስ እንደተውኩት ተቀምጧል። ኮፍያዋን መዳፉ ላይ አኖርኩለት። ጣቶቹ መጀመሪያ አጭሩን፣ ቀጥሎ ረጅሙን ጆሮ አገኙ።

«ከፈታችሁት» አለ።

«አንተስ መቼ ነው የከፈትከው?»

ሳቀ፤ የተያዘ ሌባ ሳቅ። «ገና አራስ ልጅ ሆነሽ። እናትሽ በተጫወትኩ ቁጥር ‹እንዴት ያምራል› ትለኛለች፤ አንቺ ደግሞ እየባነንሽ ታለቅሻለሽ። እባክህ ቀንስ ማለት ከብዷታል። አንድ ቀን ድምፁ ጠፋብኝ፣ ከፈትኩት፣ አየሁ።»

«ታዲያ ለምን አላወጣኸውም?»

«ባወጣው ማወቄን ታውቃለች። ታፍርብኛለች። ዘጋሁና ‹ዛሬስ እንዴት ነበር?› አልኳት። ‹እንዴት ያምራል› አለችኝ።»

«ካደግኩ በኋላስ?»

«በኋላማ ሁለታችንም ለመድነው። ከሞተች ወዲህ ደግሞ እሷ እንዳስቀመጠችው ይሁን አልኩ።» ኮፍያዋን መዳፉ ላይ አገላበጣት። «ሌላ ሰው እንዳይነካው ነው ያንን ውሸት የፈጠርኩት።»

«ሰው ሲስቅብህ እኮ አብሬ ስቄያለሁ፣ አባባ!»

«ጠግበሽ ተኝተሽ ስለምትነሺ ነው የምትስቂው» አለኝ። «ለመሆኑ ስንት አሉ?»

«ከነኮፍያው ወይስ ያለ ኮፍያው?»

ሁለቱንም ነገርኩት። ያለ ኮፍያው ለሁለቱም ዓይኖቹ እንደሚበቃ ስነግረው ኮፍያዋን ወደ እኔ ዘረጋት።

«መልሺበት» አለ። «አንድ ጊዜ ልጫወትና ይሄዳል።»

በእሱ ትንሽ መፍቻ ራሴ ከፈትኩት፣ ራሴ ዘጋሁት። አባባ ብሎኖቹን በጣቱ ዳስሶ አንዱን ጥቂት አዞረው። ከዚያ ያ ድፍን ድምፅ ቤቱን ሞላው። ሶፋው ላይ ጋደም አልኩ፣ ለትንሽ ብዬ።

ስነቃ ፀሐይዋ ከግድግዳው ላይ ልትወርድ ደርሳለች። ባንጆው በሩ አጠገብ ቆሟል፣ ብርድ ልብሱ ከጎኑ ታጥፏል። አናቴ ላይ የሆነ ነገር ተሰማኝ። ሳነሳው ኮፍያዋ ናት፤ ስተኛ ከባንጆው አውጥቶ በጭላንጭል ዓይኑ አግኝቶኝ አድርጎልኛል፣ ያውም ፊቷን ወደ ኋላ አዙሮ።

«ተነሺ» አለኝ ከመስኮቱ ሥር። «ሰውየው ሳይዘጉ ድረሺባቸው።»

«አባባ» አልኩት።

በሩ አጠገብ ባንጆው «እምምም» አለ።