አስር የምትይዘው ካዝና

ጭላዳ ዝንጀሮ መቁጠር ያውቃል ስል ማንም አያምነኝም። አንድ ጊዜ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ተናግሬው የግብርና ሠራተኛው ሳይቀር ሳቀብኝ። ይሳቅ። እሱ ማሳ ዳር ቁጭ ብሎ ውሎ አያውቅም። የኔ ጠብመንጃ ጥይቷ የትንሿን ጣት አንጓ የማታክል፣ ካዝናዋም አምስት ብቻ የሚጎርስ ትንሽ ጠብመንጃ ናት። ድሮ ከአንድ አስተማሪ የገዛኋት ነች፤ በስሜም ተመዝግባለች። አራት ጊዜ ስተኩስ ገደሉ አፋፍ ላይ የተደረደሩት ጭላዳዎች ንቅንቅ አይሉም። አምስተኛውን ተኩሼ ካዝናዋን ነቅዬ ጥይት ማጉረስ ስጀምር ግን ብድግ ብለው ገብሱ ውስጥ ይገባሉ። ይሄ መቁጠር ካልሆነ ምንድን ነው?

ባለቤቴ ብርሀንነሽ በነበረችበት ጊዜ እንዲህ አልተናቅሁም። እኔ ካዝናውን እስክሞላ እሷ በወንጭፍ ታጣድፋቸዋለች፤ ልጃችን የሻለም በታች በኩል ጅራፍ ታጮሃለች። አሁን ብርሀንነሽ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆናት። የሻለም ደግሞ ከዚያ በፊት ነው ጂዳ የሄደችው። ቀኑን ሙሉ ማሳው ዳር ተቀምጬ የምሰማው የራሴን ሳል ብቻ ነው።

የሻለም በላከችው ገንዘብ መካነ ሰላም ከተማ ሁለት ክፍል ያለው የቆርቆሮ ቤት ሠርተናል። እስካሁን ማንም አልገባበትም። አርብ አርብ የሻለም በሰፈራችን ባለው በሩቂያ ሱቅ ስልክ ትደውልልኛለች፤ ነገሯ ሁልጊዜ አንድ ነው። "አባዬ፣ መሬቱን ለእኩል አራሽ ስጠውና ከተማ ግባ።" እኔም ሁልጊዜ እምቢ እላለሁ። መስከረም ላይ ግን "ብቻህን አትችለውም" አለችኝ፤ ይህቺ ቃል አንጀቴን አሳረረችው።

"በይ ስሚ" አልኳት። "ዘንድሮ ገብሴን ጭላዳ ከበላው መሬቱን ሰጥቼ ከተማ እገባለሁ። ካልበላው ግን ይሄን ወሬ ሁለተኛ እንዳታነሽብኝ።"

"ቃልህ ነው?" አለች።

"ቃሌ ነው።"

ስልኩን እንደዘጋሁ ሐሳቤ ሁሉ አስር ጥይት የምትይዝ ካዝና መፈለግ ሆነ። ከወንዙ ማዶ ያለው ጎረቤቴ አሕመድኑር መሣሪያ ያውቃልና እሱን አማከርሁት። ሰምቶኝ ሲያበቃ ሳቀ። "ወላሂ ገበየሁ፣ አንተ የሚያስፈልግህ ካዝና ሳይሆን ሚስት ነው።" ቀልዱን ነው፤ ግን ሦስት ቀን አላናገርሁትም። በአራተኛው ቀን ራሱ መጥቶ "አብሽር፣ አቀስታና ከላላ ከተማ ገበያ ሞክር" አለኝ።

ጠብመንጃ አንግቼ ገበያ ለገበያ ብዞር ከሚሊሻ ጋር መጣላቴ ነው። ካዝናዋን ብይዝ ደግሞ ብትጠፋብኝ አምስቱም ቀረ። ስለዚህ እሷኑ የምታክል ካዝና ከወይራ እንጨት ቀረጽሁ። መጀመሪያ አቀስታ ገበያ ላይ ለነጋዴዎቹ ሳሳያቸው የልጅ መጫወቻ የምሸጥ መስሏቸው ነበር። ያላቸው የክላሽ ካዝና ብቻ ነው። ከላላ ከተማ ላይ ግን አንዱ ነጋዴ ጓዳ ገብቶ የቆየች፣ ረዘም ያለች ካዝና አመጣልኝ። ከእንጨቷ ጋር ብናስተያያት ልክክ አለች። ደስ ብሎኝ በቅሎዬን እያጣደፍሁ ቤቴ ገባሁ፤ ጠብመንጃዬ ግን አልቀበልም አለች። ለካ እንጨቱን ስቀርጽ ጫፉን በወጉ ሳልፍቀው ቀርቼ፣ የገዛሁት ካዝና ለእንጨቱ እንጂ ለጠብመንጃዬ አይደለም። እንዲህ ያለ ጅል ነኝ።

በሦስተኛው ጉዞዬ ዋናዋን ካዝና በጨርቅ ቋጥሬ በአንገቴ አንጠልጥዬ ወረኢሉ ወረድሁ። እዚያ አራጌ የሚባሉ፣ በጉብዝናቸው የአዳኞች መንገድ መሪ የነበሩ ሽማግሌ አሉ አሉኝ። ጠብመንጃቸው ተሰብሮ ከተጣለ ቆይቷል። ካዝናው ግን መርፌና ክር በሞላበት ጣሳ ውስጥ በዘይት ጨርቅ ተጠቅልሎ ተገኘ። አጠገብ ለአጠገብ ይዘን አየነው፤ እናትና ልጅ ናቸው።

"አስር ትይዛለች" አሉኝ። "አንተ ግን ዘጠኝ አጉርሳት። ሞልተህ ካሳደርሃት ውስጧ ያለው የሽቦ ሞላ ይደክማል፤ የደከመ ሞላ ጥይቱን ወደ ላይ አይገፋልህም፣ ነክሶ ይቀራል። አፏንም ከአቧራ ጠብቅ።"

"ስንት ልስጥዎ?"

"ምንም። ቁጭ በልና አውራኝ።"

ቁጭ አልሁ፤ ልቤ ግን ማሳዬ ላይ ነበር። ስነሳ እስከ አውቶቡሱ ሸኙኝ። አውቶቡሱ እስኪሞላ መስኮቱ ሥር ቆመው ስለ ሞላው ቀድመው የነገሩኝን እንደገና ነገሩኝ። "እሺ፣ እሺ" እያልሁ በልቤ ምናለ በሄዱልኝ እል ነበር። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

ኅዳር ላይ ገብሱ ሲያሸት ጭላዳዎቹ አፋፉ ላይ ተሰለፉ። ከፊት ትልቁ፣ ባለ ጋማው ወንድ ተቀምጧል። እኔ እነሱን አልመታም፤ አጠገባቸው ያለውን አለት ነው የምመታው። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት። አምስተኛውን ስተኩስ ባለ ጋማው ተነሳ፤ ሌሎቹም ተከትለውት ወደ ገብሱ መጠጋት ጀመሩ። ያን ጊዜ ስድስተኛውን ለቀቅሁት። ከእግሩ ፊት አቧራው ቦነነ። እንደዚያ የደነገጠ ፍጡር አይቼ አላውቅም! ቆመ፤ ወደ እኔ አየ። ሰባተኛውን ደገምሁት። ሴቱም ወንዱም ልጁም እየተረጋገጠ ገደሉን ወረደ።

"አየሽልኝ ብርሀንነሽ!" ብዬ ዞርሁ።

ማንም የለም። ድንጋዩ ላይ የተቀመጥሁት ብቻዬን ነበር። ሁለት ጥይት በካዝናው ውስጥ ቀርቶኝ፣ እንደ ልጅ አለቀስሁ።

ከዚያ ወዲያ አስራ አምስት ቀን ያህል ሞከሩኝ። አንዳንድ ቀን በስድስት አቆማለሁ፤ አንዳንድ ቀን ዘጠኙንም እጨርሳለሁ። ቁጥሩ ጠፋባቸው። በመጨረሻ ወደ ሌላ አፋፍ ሄዱና እኔ ከነካዝናዬ ባዶ ገደል ስጠብቅ መዋል ጀመርሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ከሄዱ በኋላ ቀኑ ረዘመብኝ።

ታኅሣሥ ላይ ገብሱ ታጭዶ ተወቃ። አስራ አንድ ጆንያ ሆነ። ውቂያ ላይ ስለነበርሁ አንድ አርብ ስልክ አመለጠኝ። በሚቀጥለው አርብ ነጭ ጋቢዬን ለብሼ ሩቂያ ሱቅ ገባሁ።

"ጋሽ ገበየሁ፣ ዛሬስ ሙሽራ መስለዋል" አለችኝ ሩቂያ ስልኩን እያቀበለችኝ።

"አስራ አንድ ጆንያ!" አልሁ ሰላምታም ሳላስቀድም። "አንዲት ዘለላ አልቀመሷትም!"

"ሰምቻለሁ አባዬ። ባለፈው አርብ ሩቂያ ነግራኛለች። ማሻአላህ። አሸነፍኸኝ።" ድምፅዋ ቀጭን ነበር። "እና ፈረምኩ።"

"ምኑን?"

"የሥራ ኮንትራቱን ነዋ። ጥር ላይ ያልቅ ነበር። አሠሪዬ ማዳም ሁለት ዓመት ጨመረችልኝ።"

"ምን አስቸኮለሽ?"

"አንተ ከተማ ከገባህ ልመጣ ነበር ሐሳቤ። አንዱ ክፍል ላንተ፣ አንዱ ለኔ፤ በሩ ላይ ትንሽ ሻይ ቤት እከፍት ነበር። ገደል ላይ ተመልሼ ጅራፍ ማጮህ ግን አልችልም አባዬ፤ ወገቤን ያመኛል። ባዶ ቤት ውስጥ ብቻዬን ከምቀመጥ ልሥራ ብዬ ነው።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ወደህ እንድትገባ ነበር የፈለግሁት። እኔን ብለህ ገብተህ በየቀኑ መሬትህን ስታስብ እንዳላይ።"

እኔ ሰውዬው ቃሌን ማጠፍ አላውቅበትም፤ ብርሀንነሽን ስንት ጊዜ በዚህ አስለቅሻታለሁ። ሩቂያ ስኳር መመዘኗን ትታ ታየኛለች።

"የሻለም" አልሁ። "ጭላዳ በልቶታል።"

"ምን?"

"ገብሱን። ሁሉንም በልተውታል። አንድ ፍሬ አላስቀሩም።"

"አባዬ፣ አሁን አስራ አንድ ጆንያ አልህ እኮ።"

"ውሸቴን ነው። ወላሂ በልተውታል። ነገ ከተማ እገባለሁ፤ ነይ።"

ከወዲያ በኩል ለቅሶዋን ለማፈን ስትታገል ይሰማኛል። "ፈርሜያለሁ አባዬ" አለች። "ፓስፖርቴም ማዳም ጋ ነው።"

"በልተውታል አልሁሽ እኮ" አልኳት።