ጠላ በማይቀመስበት ቤት

ማሪቱ የእናቷን እርሾ ያጣችው በጽዳት ነው። ልጇ ሐኒ፣ እጇ ሥራ የማይጠግብ የተባረከች ልጅ፣ ለአያቷ ሙት ዓመት ጓዳውን ስታጸዳ በጠርሙስ የተቀመጠ ግራጫ ዝቃጭ አገኘች። አሸተተችውና «ይሄማ ተበላሽቷል» ብላ ደፋችው። ጠርሙሱንም አጥባ በፀሐይ ዘቀዘቀችው።

ማሪቱ ዓለም ገና ላይ ጠላ ጠምቃ የኖረች ሴት ናት። ጋኑ ሲያልቅ ከሥሩ የሚቀረውን ሁሉ ለከብት አትሰጥም፤ ጥቂቱን በጠርሙስ ታስቀርና ለሚቀጥለው ጥንስስ ትጨምረዋለች። እናቷም እንዲሁ ታደርግ ነበር። ከሞተች ወዲህ ከእጇ የቀረ ሕያው ነገር ቢኖር ያ ዝቃጭ ብቻ ነበር። ታዲያ በሌላ እርሾ የተጠመቀ ጠላ ለእሷ መታሰቢያ እንዴት ይቀርባል? ሆዷ እሺ አላላትም።

ሐኒ ስታለቅስ «ተይ ልጄ፣ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም» አለቻት። ራሷ ግን ጓዳ ገብታ አነባች። እንባዋን ስትጠርግ ነው ጣቢታ ትዝ ያለቻት።

ጣቢታ ከወላይታ መጥታ ፋብሪካ የምትሠራ፣ የድሮ ተከራይዋ ነበረች። ጴንጤ ናትና ጠላ በአፏ አይዞርም። አንድ ጊዜ ግን ሊጧ አልነሣ ብሏት ስትጨነቅ ማሪቱ ከዚያ ዝቃጭ በስኒ ሰጥታት ነበር። አሁን የምትኖረው ቡራዩ ነው። ማሪቱ በማግስቱ ሚኒባስ ቀያይራ ደጇ ደረሰች።

«እትዬ ማሪቱ! ምነው፣ በደህና ነው?»

«ያ የሰጠሁሽ እርሾ… መቼም እስካሁን አይኖርም።»

ጣቢታ አቀረቀረች። «አለ። ዱቄትና ውኃ እየጨመርኩ አቆየሁት። ግን እትዬ፣ ከጠላ መምጣቱን ለቸርች ሰዎች አልነገርኳቸውም። ዳቦውን እየበሉ ‹ጌታ ይባርክሽ› ሲሉኝ በጣም አፍራለሁ።»

«ይባርክሽ እንጂ! ምን አጠፋሽ?» ማሪቱ ሳቀች።

የእርሾው ማሰሮ ክዳን ሲነሣ ግን ሳቋ ቆመ። የእናቷ ጋን ሽታ ነው። መደቡ ላይ ቁጭ ብላ የጣቢታን እጅ ስባ ሳመች።

«እናቴን አቆየሽልኝ» አለች።

ማሪቱ ከማሰሮው በጠርሙስ ቀንሳ ወስዳ ጠላውን ጠነሰሰች። ለሙት ዓመቱ ጣቢታ በዚያው እርሾ ድፎ ጋግራ ዓለም ገና መጣች። ጠላ አልቀመሰችም፤ ማሪቱም ቅመሺ አላለቻትም። የሟች ባልንጀራ የነበሩት ኦቦ ታመነ ዋንጫቸውን ጨልጠው ጢማቸውን ጠረጉ።

«ማሪቱ፣ ይህ ጠላ የእናትሽ እጅ አለበት።»

ማሪቱ ከድፎው ቆርሳ በሁለት እጇ አቀበለቻቸው። «እስቲ ይሄንንም ቅመሱልኝ፣ አባባ» አለች፤ «እዚህም ውስጥ አለች።»