ሀጂ ሳይሳፈሩ

አውቶቡሱ ከሰፈራችን ፌርማታ ሁለት ቀን ባዶውን ሄደ። ሰው ጠፍቶ እንዳይመስላችሁ፤ አሥራ አራት ሰው ቆሞ እያየው ነው።

ጥቅምት 2004፣ በሮቤና በጎባ መካከል አውቶቡሱ ሥራ የጀመረበት ሳምንት ነበር። እኔ ጎባ ገበያ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከዚያ በፊት መናኸሪያ ለመድረስ በየማለዳው አርባ ደቂቃ ጭቃ እረግጥ ነበር። አሁን ከደጄ ሃምሳ እርምጃ ላይ አግዳሚ ወንበር ያለው ፌርማታ ተሠራልኝ። አዎ፣ ለእኔ! ደስታዬ ሊገድለኝ ነበር።

ችግሩ የሰፈሩ ሽማግሌ ሀጂ ከማለዲን ናቸው። በማለዳ መጥተው አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ። ታዲያ እሳቸው ሳይሳፈሩ ማን ይቀድማል? አውቶቡሱ ሲቆም ሁላችንም ገለል እንላለን።

«ግቡ እንጂ፣ ኢጆሌ፣ ልጆቼ!» ይላሉ።

«ወላሂ፣ እርስዎ ሳይቀድሙ!» እንላለን።

ሾፌሩ ብዙነህ ከአንድ ደቂቃ በላይ እንዳይቆም ታዟል። ደቂቃዋ በግብዣ ታልቅና በሩ ይዘጋል። እኛም ተያይዘን በእግር ወደ መናኸሪያ።

በሦስተኛው ቀን ረዳቱ በበሩ ብቅ ብሎ «ዛሬም ካልተሳፈራችሁ ከነገ ጀምሮ እዚህ አንቆምም!» አለ።

ጭቃው ትዝ አለኝ። ሀጂ እንደ ልማዳቸው «ግቡ» አሉ፤ ሰዉም እንደ ልማዱ ገለል አለ። ምላሴን መያዝ አቃተኝ።

«ሀጂ፣ በአላህ ይሳፈሩልን! አስጨረሱን እኮ!»

ሁሉም አፈጠጠብኝ። ሀጂ ግራ ገባቸው።

«ዙቤዳ ልጄ፣ እኔ የት እሄዳለሁ? ፀሐይ ልሞቅ ነው የምመጣው።»

ይህ ከታወቀ በኋላም የሚቀድማቸው አልተገኘም። ሀጂ ዙሪያቸውን አዩ፣ ከዚያ ብድግ ብለው አውቶቡሱ ውስጥ ገቡ። እኛም ተግተልትለን ተከተልናቸው። እስከ ጎባ ድረስ የስንዴውን ማሳ በመስኮት እያዩ «ማሻአላህ» ሲሉ፣ እኔ ብቻዬን እስቅ ነበር።

ጎባ ስንደርስ ደግሞ የሚወርድ ጠፋ። ሀጂ ዞር ብለው ሲያዩን አሥራ አራታችንም ቁጭ ብለናል። ሳቃቸው ፈነዳ። ወረዱ፤ ወረድን። ከዚያ እሳቸው ተመልሰው ገቡ።

«ነገስ ይመጣሉ?» አልኳቸው በመስኮቱ።

«እኔ ካልመጣሁ እናንተን ማን ያሳፍራችኋል?» አሉ።