ወልደተንሣኤ የገዛው ጸጥታ

ጎረቤቴ ወልደተንሣኤ ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ነድቶ ጡረታ ሲወጣ፣ የደብረ ብርሃን ቤቱን አከራይቶ እዚህ አንኮበር መንገድ፣ ከትንሿ ሐይቃችን ዳር ቤት ገዛ። «ጆሮዬ ሞተር ጠግቧል፤ ከእንግዲህ ጸጥታ ብቻ» አለኝ። ጸጥታስ ሞልቶናል። ችግሩ ሚስቱን ባፈናን ሳያማክር መግዛቱ ነው።

ባፈና በሯ ላይ ቆማ አላፊ አግዳሚውን ስታናግር የኖረች ሴት ናት። ሐይቁን አየችና፣ «ወልዴ፣ ዝም የሚል ነገር ቢያምረኝ አንተ አትበቃኝም ነበር?» አለችው። ሻንጣዋንም አልፈታችም። ጥምቀትን አብራው ውላ ደብረ ብርሃን ልጃቸው ዘንድ ልትመለስ ቆረጠች። ወልደተንሣኤ በሳቅ ሊያልፈው ቢሞክርም፣ ያቺን ሻንጣ ባየ ቁጥር ፊቱ ይጠቁር ነበር።

ይባስ ብሎ አጥር አማረው። ከቤቱ ጥግ እስከ ውኃው ድረስ በአጠናና በሽቦ ሊያጥር ደቦ ጠራን። ደቦ ተጠርቶ እንዴት ይቀራል? ሄድን። ጉድጓዱን ስንቆፍር ታዲያ ሁላችንም አንድ ነገር እናውቃለን፤ የከተራ ዕለት ታቦታችን ወደ ሐይቁ የሚወርደው በዚያው በኩል ነው። እሱ እንደ ከተማው ሌላ የጥምቀት ሜዳ ያለን መስሎታል። እኔ ቄስ ገብረአብ ነግረውታል ብዬ ዝም አልኩ፤ ቄስ ገብረአብም ጎረቤቱ ሳይነግረው አይቀርም ብለው ዝም አሉ። ጠላው ጥሩ፣ ሰውዬው ደግ፤ ማን አፉን ይክፈት? እንዲያውም ጉልበታችንን ልናሳየው አጠናውን ጥልቅ አድርገን ቀበርነው።

የከተራ ዕለት ታቦቱ በጥላና በከበሮ ታጅቦ ቁልቁለቱን ወረደ። አጥሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። ዝማሬው ጸጥ አለ። ደጃፉ ላይ የነበረው ወልደተንሣኤ አጥሩንና ታቦቱን አፈራርቆ አየ።

«ምነው፣ አንድ ሰው እንኳ አይነግረኝም?»

ቄስ ገብረአብ እኔን አዩኝ። እኔ ሐይቁን አየሁ።

ባፈና ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ብቅ አለች። «ምን ትገተራለህ? ንቀል እንጂ! እናንተስ? ስትተክሉ ያልደከማችሁ ስትነቅሉ ነው?»

ነቀልን። ያን ቀን የረገምኩት የራሴን ጉልበት ነው። መንገዱ ሲከፈት ባፈና የሳሎኗን ምንጣፍ አምጥታ ታቦቱ በሚያልፍበት ዘረጋችው፤ እልልታውንም የጀመረችው እሷ ናት። ግቢያቸውን ያልረገጠ ሰው አልነበረም። እሷም የማን ልጅ የት እንዳገባች ሳይቀር ስትጠይቅ ዋለች።

በዓሉ አልፎ ወልደተንሣኤ አጠናውን ሊመልስ መቆፈሪያ ሲያነሳ እዚያው ነበርኩ።

«እሱን ከዘጋህ ሻንጣዬን ይዤ መሄዴ ነው» አለችው።

«ካልዘጋሁትስ?»

«ዶሯችን እንቁላል የምትታቀፍበት ስትፈልግ አይቻታለሁ።»

መቆፈሪያውን ጣለው።

አሁን ውኃ የሚቀዳው ሁሉ በዚያ ክፍተት ያልፋል፤ ባፈናም እዚያው ቆማ ሳታናግር አታሳልፍም። ጸጥታ የገዛው ሰውዬ ጸጥታ ሲያምረው በርጩማውን ይዞ ሐይቁን ዞሮ ማዶ ይቀመጣል። «ወልዴ፣ ምሳ!» ስትል ግን ድምጿ በውኃው ላይ ጥርት ብሎ ይደርሰዋል። ፈገግ ብሎ ይነሳል። ዶሮዋም ሻንጣው ውስጥ እንቁላሏን ታቅፋለች።