ሶሉ ወደ ላይ

"ኧረ ልጄ፣ አትርገጪው! ቁጭ በይ!" አሉ ጫማ ሰፊው ጋሼ ባህረዲን፣ ወስፌያቸውን አስቀምጠው።

እስከዳር ጫማ የሞላ ማዳበሪያ ተሸክማ መርካቶ የዱባይ ተራን ደረጃ እያነከሰች ስትወርድ ነው ያዩዋት። ሸክሟን አውርዳ አጠገባቸው ዱካ ላይ ተቀመጠች።

መጀመሪያ ግራ ቅልጥሟን የሚያማት ሮጣ ስትጨርስ ብቻ ነበር። አሁን ግን ቆማ ስትሸጥም ይጠዘጥዛታል። እሁድ ደግሞ ለክፍለ ከተማው የሩጫ ቡድን ምርጫ አለ። ወይ ይቺ ልጅ! ስድስት ዓመት ሙሉ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነስታ ሮጣ፣ ሁለት ሰዓት ላይ ሱቅ ከፍታለች። አንድ ቀን እንኳ ደከመኝ ስትል የሰማ የለም። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ዘንድሮ ካመለጣት ከርሞ ማን ይጠብቃታል?

"ሐኪሙ ምን አለሽ?"

"አልተሰበረም፤ ግን ሦስት ሳምንት አትሩጪ፣ በረዶ ያዢበት አለኝ።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ እሁድ ደረሰ፣ ጋሼ! ወጌሻ ጋ ሄጄ አሳሸሁት።"

"ያ ረቢ! እንዲህ ያበጠ ይታሻል እንዴ? እስቲ ጫማሽን አምጪው።"

በኩራት አወለቀችው። የምትሸጠው ሰልባጅ ነው፣ ውጭ አገር ሰው አድርጎት የመጣ ጫማ። "ከአዲስ ኮፒ ያገለገለ ኦሪጅናል!" እያለች ነው ገበያተኛ የምትጠራው። ይሄንንም ታስሮ ከሚመጣው ቦንዳ መርጣ ለራሷ ያስቀረችው እሷ ናት። ጋሼ ባህረዲን ግን የጫማውን ላይ ዞር ብለው አላዩትም። ገልብጠው ሶሉን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። አርባ ዓመት ጫማ የዳበሰ ጣት ነው፣ የዋዛ አይምሰላችሁ።

"ስንት ጊዜ ሮጥሽበት?"

"ገና ወሩ ነው።"

"ይሄ የወር አይደለም። በውስጥ በኩል እንዴት እንዳለቀ ተመልከቺ። የፊተኛው ባለቤት አጋድሎ ነበር የሚረግጠው። አንቺም ወር ሙሉ በሱ አረጋገጥ ሮጥሽ።"

እስከዳር ሶሉን አየችው። ስንቱን ጫማ አጥባ፣ አሳምራ ሸጣለች፤ ገልብጣ ያየችው ግን የለም። እንባዋ መጣ።

"እሁድስ፣ ጋሼ?"

"እሁድ ትጨርሺ ይሆናል። ከዚያ በኋላ እግርሽን እንጃ።"

እንባዋን ጠረገች። ከዚያ ስልኳን አወጣች።

"አሰልጣኝ፣ እሁድ አልመጣም... አዎ፣ አውቃለሁ። ሲሻለኝ እመጣለሁ።"

 ጋሼ ባህረዲን አንገታቸውን ደፍተው ወደ ወስፌያቸው ተመለሱ። እሳቸው እንኳ እንዲህ ቶሎ ትቆርጣለች ብለው አልጠበቁም።

እስከዳር እያነከሰች ሱቋ ገባች። ታጥበው የሚያበሩትን የሩጫ ጫማዎች አንድ በአንድ ትገለብጥ ጀመር።

"አብደሻል እንዴ?" አለቻት ጎረቤቷ ሁሪያ። "የተበላ ሶል እያየ ማን ይገዛሻል?"

"አይቶ ይግዛ" አለች እስከዳር፣ የመጨረሻውንም ጫማ ሶሉን ወደ ላይ አድርጋ።