የአደጋ ጊዜ ተጠሪ

ልብስ ሰፊው ያን ሁሉ ቅጽ ሲሞላ የዋሸው አንዲት መስመር ላይ ብቻ ነው። «የአደጋ ጊዜ ተጠሪ» ትላለች። የክብደት መቀነሻው መርፌ ገና በሙከራ ላይ ስለሆነ፣ ቤቱ የሚጠብቀው ሰው የሌለው ጥናቱ ውስጥ አይገባም ተብሏል። እሱ ደግሞ ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ከስፌት መኪናው በቀር የሚያዋራው የለም። ምን ያድርግ? «ወንድሜ» ብሎ ጻፈና የገዛ ሱቁን ስልክ ቁጥር ሞላበት።

ያስገደደው ጉልበቱ ነው። መርገጫውን ሲረግጥ የኖረው ጉልበት አልቆ፣ ሐኪሙ ሠላሳ ኪሎ ካልቀነስክ ቀዶ ጥገና የለም ብሎታል። መርገጥ ካቆመ ሱቁ ይዘጋል፤ ሱቁ ከተዘጋ ደግሞ እንደምን አደርክ የሚለው ፍጡር አይኖርም።

መድኃኒቱን ያስረዳችው የጥናቱ ነርስ ናት። ሰውነት ራሱ የሚሠራቸው ሦስት ሆርሞኖች አሉ፤ መርፌው የሦስቱንም ሥራ ይሠራል። አንዱ አንጎልን ጠግበሃል ይለዋል፣ ጨጓራም ምግቡን ቶሎ እንዳይለቅ ይይዘዋል። ሁለተኛው ኢንሱሊን ስኳሩን በወጉ እንዲያስተናግድ ያግዛል። ሦስተኛው የተከማቸውን ስብ ያስነድዳል፣ ልብንም ትንሽ ያስሮጣል። ልብስ ሰፊው በሙያው ገባው፦ ሦስት ክር አንድ ላይ የተገመደ ነገር ነው። የሚወጋው እውነተኛው ይሁን ባዶ ውሃ፣ እሷም እሱም አያውቁም።

በሦስተኛው ወር ሱሪው ነገሩን አወጣው። ሁለቴ አጠበበው። ታዲያ ምን ዋጋ አለው፣ ከስተሃል የሚለው ሰው አልመጣም። ረሃቡም ሄደ። ሌላው ሰው ረሃብ ሲለቀው ደስ ይለው ይሆናል፤ እሱን ግን ከፋው። ሚስቱ ከሞተች ጀምሮ ቤት የሚጠብቀው ረሃቡ ነበራ! አሁን ገበታው ፊት ቁጭ ይልና ሁለቴ ጎርሶ ግድግዳውን ያያል። ብቻውን መሆኑን እንዲህ አድርጎ ያየው ያኔ ነው።

መጠኑ የተጨመረለት ሳምንት ሆዱ ተገለባበጠ። ሁለት ቀን ሙሉ ውሃ እንኳ አልረጋለትም። እንዲህ ሆኜ ቢያዩኝ ያስወጡኛል ብሎ ሞባይሉን ዘጋ፣ ከቀጠሮውም ቀረ። በዚያው በቀጠሮው ዕለት ከሰዓት በኋላ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ ሳለ የሱቁ ስልክ ጮኸ።

«የጋሼ ወንድም ነዎት?» አለች ነርሷ።

ወንድም የተባለውን ሰው ጭራሽ ረስቶት ነበር። ድምፁን ወፈር አደረገና ነኝ አላት።

«ሞባይላቸው ዝግ ነው። እንዴት ናቸው?»

ደህና ነው ሊል አፉን ከፈተ። ስለ ራሱ ሲጠየቅ ሁሌም እግዜር ይመስገን ባይ ነው፤ ስለ ወንድሙ መዋሸት ግን አቃተው። ያስመልሰዋል፣ ሲነሣ ያዞረዋል አለ። ኩራተኛ ነው፣ ሰው አይጠራም፤ ቢጠራስ ማንን ይጠራል አለ። አንዴ ከጀመረ ማቆም ተሳነው። ለዚያ ሰውዬ ከልቡ አዘነለት።

ነርሷ ሁሉንም ሰማችው። «አሁኑኑ ይዘዋቸው ይምጡ» አለች። «አደራ፣ ብቻቸውን እንዳይልኳቸው።»

እሺ አላት። ሱቁን ቆለፈና ግድግዳ ግድግዳውን እየተደገፈ ሄደ።

ነርሷ ተሽከርካሪ ወንበር ይዛ ክሊኒኩ በር ላይ ትጠብቅ ነበር። አስቀመጠችውና ከኋላው ያለውን መንገድ ማየት ጀመረች። ወንድምዎስ አለችው።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእሱ ውሸት ግን ሰውነቱ ሲቀል እየከበደው መጥቷል። መኪና እያቆመ ነው ቢላት ውሸቱ ሌላ ወር ይሰነብታል፣ ጉልበቱም ተስፋ ይኖረዋል። እውነቱን ከተናገረ ጥናቱ እዚያው አበቃ። እሷ አሁንም መንገዱን እያየች ነው።

ድምፁን እንደ ስልኩ ጊዜ ወፈር አደረገ።

«ይዤው መጥቻለሁ» አላት።